ሽሮውም፣ ወተቱም፣ ዳቦውም አልስማማ አለኝ፤ ሁሉም «ጨጓራ» ነው?

የሆጤዋ መምህርት

ሰላም የወሎ ልጆች። የምጽፈው ከደሴ ነው።

ሆዴ ይነፋል። ጠዋት ስነሳ ደህና ነኝ። ምሳ ከበላሁ በኋላ ግን ቀሚሴ ወገቤ ላይ ይጠብቀኛል። ይጮሃል፣ ይቆርጠኛል። አንዱን ሳምንት ተቅማጥ፣ ሌላውን ሳምንት ድርቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ካለኝ ገና ከጠዋቱ ጭንቅ ይይዘኛል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ጨጓራ ነው» ይለኛል። ኦሜፕራዞል ስወስድ ቃሩ ቀለል ይላል፤ መነፋቱ ግን ያው ነው።

እስካሁን ሽሮ ትቻለሁ። ወተት ትቻለሁ። በርበሬና ቡናም ቀርተዋል። ዳቦ ቁርስ ላይ ትንሽ እቀምሳለሁ እንጂ እሱንም ልተወው ነው። የቀረኝ ሩዝና ድንች ነው ማለት ይቻላል። ከስቻለሁም። እናቴ «እህል ጠልተሽ ልትሞቺብኝ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ ሰበብ እየፈለግሁ እቀራለሁ። እኛ አገር ቡና እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ።

አንጀት በምግብ ይድናል የሚባለው እውነት ነው? ከሆነ ከየት ነው የሚጀመረው? አንድ ሰው ደግሞ የማይስማማሽን ምግብ ሁሉ ዘርዝሮ የሚያወጣ የደም ምርመራ አለ ብሎኛል። ዋጋው የዋዛ አይደለም። ላሠራው?

ሲስተር ዘወልድያ

አይዞሽ እህቴ። ነርስ ነኝ፤ እንዳንቺ የሚሰቃይ ሰው በየቀኑ አያለሁ። ሌላ ምግብ ከመተውሽ በፊት ግን እባክሽ መጀመሪያ ተመርመሪ።

እኛ ከደረት ሥር እስከ ብሽሽት የሚያመውን ሁሉ «ጨጓራ» እንለዋለን። ቃርና ከደረት ሥር የሚያቃጥል ነገር ከጨጓራ ጋር ሊያያዝ ይችላል። አንቺ የምትዪው መነፋት፣ መጮህ፣ አንዴ መቅጠን አንዴ መድረቅ ግን ይበልጥ የአንጀት ነገር ይመስላል። ኦሜፕራዞል ሥራው አሲድ መቀነስ ነው። ቃሩን አስታግሦ መነፋቱን ያልነካው ለዚህ ነው።

አሁን መልሺልኝ። ሰገራሽ ላይ ደም አይተሻል? ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሆኖ ያውቃል? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ለመዋጥ መቸገር አለ? ደም ማነስ አለብሽ ተብለሻል? የከሳሽውስ ምግብ ስለተውሽ ነው ወይስ ደህና እየበላሽም ትከሺ ነበር? ከእነዚህ አንዱ ካለ የምግብ ወሬውን ትተን ሐኪም ዘንድ ነው የምትሄጂው።

ባይኖርም የሰገራ ምርመራ አሠሪ። ጃርዲያ፣ አሜባና ወስፋት እኛ ጋ ብርቅ አይደሉም። ወንዝና መስኖ ባለበት ቆላና ወይናደጋ ቢልሃርዝያም አለ። ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ምርመራ ከታዘዘልሽ ከሰገራ የሚሠራውን ጠይቂ። ከደም የሚሠራው የሚያየው ሰውነት ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል።

ዳቦን ገና ሙሉ በሙሉ አትተዪ። ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ የሚያስጎዳ ነው። የደም ምርመራው ልክ የሚሆነው ስንዴ ወይም ገብስ እየበላሽ ከተመረመርሽ ነው። ትተሽው ከሄድሽ ውጤቱ «የለም» ብሎ ሊያሳስትሽ ይችላል።

ለዚያ ዝርዝር ለሚያወጣው ምርመራ ብርሽን አታውጪ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አይጂጂ የሚባለውን የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ ሰውነትሽ ምግቡን እንደሚያውቀው እንጂ እንደጎዳሽ አይናገርም። በየቀኑ የምትበዪው ጤፍ ራሱ «ከፍተኛ» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራትም አይመክሩትም። እውነተኛ የምግብ አለርጂ ሌላ ነው። በልተሽ ብዙም ሳይቆይ ከንፈር ያብጣል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እሱ ድንገተኛ ሕክምና ይፈልጋል።

ፋርማሲ ኮምቦልቻ

ሲስተር ባለችው ላይ ልጨምር። የኤች ፓይሎሪን የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ከማሠራት 2 ሳምንት በፊት ኦሜፕራዞል፣ 4 ሳምንት በፊት ደግሞ አንቲባዮቲክ መቆም አለበት። ካልሆነ ባክቴሪያው ይደበቃል። አቋቋሙን ግን ሐኪሙን አማክሪ። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም ቃሩ ለጊዜው በርትቶ ይመለሳል። ብዙዎች «ያለ እሱ አልኖርም» ብለው ለዓመታት የሚውጡት በዚህ ምክንያት ነው። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያመጣ ይችላል።

በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ሰው ወገቤን ብሎ ዲክሎፌናክ ይገዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ጨጓራዬን ብሎ ኦሜፕራዞል ሊገዛ ይመጣል። በርበሬ ያቃጥላል እንጂ ቁስለት አይፈጥርም። በብዛት ቁስለት የሚያመጡት ኤች ፓይሎሪና እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲያገኙት ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። እና በርበሬውን ከመርገማችን በፊት የምንውጠውን ኪኒን እንይ።

አያ ሙሄ ዘባቲ

ልጄ አብሽሪ። የላም ወተት እምቢ ካለሽ የግመል ወተት ያዢ። ለሆድ እሱን የመሰለ የለም። አሬራም ሸጋ ነው። እኛ ቤት ሆዱን ያመመው ሰው አሬራ ጠጥቶ ይተኛል።

ሲስተር ዘወልድያ

አያ ሙሄ፣ አላህ ይስጥልን። የግመል ወተትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበልዎት። ወተትን የማያስማማው በብዛት ላክቶስ የሚባለው ስኳር ነው። እሱ ደግሞ ግመል ወተት ውስጥም በደንብ አለ። ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም በብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ከብትና ግመል አርብተው በወተት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን እስከ እርጅና የሚቆይላቸው ብዙ ናቸው። እርስዎን የተስማማዎት መምህርቷን ላይስማማት ይችላል።

አሬራው ላይ ትክክል ነዎት። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል ይጨርሱታል። ወተት የሚያስሮጠው ሰው እርጎና አሬራ በመጠኑ ሊችል ይችላል። ንጥር ቅቤ ውስጥ ደግሞ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል።

በተፈጥሮ ፈውስ

ማንም እውነቱን አልነገራትም። አንጀትሽ ተበስቶ ያፈስሳል፤ መርዝ ወደ ደምሽ እየገባ ነው። እሬት ጠጥተሽ ሦስት ቀን ጹሚ፣ ይጠረግ። ከዚያ ፌጦ በማር ጠዋት ጠዋት። ጤፍን ጨምሮ እህል የሚባል ለአንድ ዓመት አትንኪ። አንጀት የሚድነው እንዲህ ነው።

ሲስተር ዘወልድያ

ወንድሜ፣ ለእህታችን አስበህ እንደጻፍክ አልጠራጠርም። ይህን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

የአንጀት ግድግዳ ማሳለፉ ሊጨምር መቻሉ እውነት ነው። ሴሊያክና ክሮንስ በሚባሉት ሕመሞች ይታያል፤ ዲክሎፌናክና መሰሎቹም ያደርጉታል። ታዲያ ፈውሱ መንስኤውን ማግኘት ነው። ሴሊያክ ከሆነ ግሉተን ይቀራል፤ ጃርዲያ ከሆነ ይታከማል። መነፋትን ሁሉ «አንጀት ስለተበሳ ነው» የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

እሬት በኃይል የሚያስቀምጥ ነው። ከስታ፣ ሩዝና ድንች ብቻ እየበላች ላለች ሰው ውኃዋንና ጨውዋን ጠርጎ ይወስድባታል። ማሩም ፍሩክቶስ ስለሚበዛበት የሚነፋውን ሆድ ይብስ ሊነፋው ይችላል።

እህል መተው ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ለዚህ ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምግባቸው እኛ ያልፈጨነው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት አሰር ነው። እሱን በልተው ቡቲሬት የሚባል ነገር ያመርታሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ደግሞ ዋናው ኃይላቸው ይኼው ቡቲሬት ነው። እህሉንም ጥራጥሬውንም ለዓመት ከልክለን አንጀት ይድናል ማለት እንዴት ይሆናል? ምግብ ለጊዜው የሚወጣው ለይቶ ለመመለስ ነው።

የሆጤዋ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደሙም ጥቁሩም የለብኝም። የከሳሁት መብላት ስለተውኩ ነው።

ዳቦ እየበላሁ ሄጄ ተመረመርኩ። ሴሊያክ የለም። ኤች ፓይሎሪም የለም። ሰገራው ላይ ጃርዲያ ተገኘ። መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፤ ተቅማጡ ቆሟል። ወተትና ሽሮ ግን አሁንም ይነፉኛል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

ሲስተር ዘወልድያ

የግድ አይደለም። ጃርዲያ የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ስለሚጎዳ ላክቴዙን ይዞት ይወርዳል። ተውሳኩ ከጠፋ በኋላም ላክቴዙ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ወተቱን ለጊዜው ተዪ፤ ተቅማጡ ከተመለሰ ሰገራሽን ድገሚ። የምትጠጪውን ውኃ አፍዪ፣ ጎመንና ሰላጣ በንጹሕ ውኃ እጠቢ። አለበለዚያ ያው ተውሳክ ተመልሶ ይገባል።

ሽሮውን በተመለከተ፣ ሜልበርን የሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ፎድማፕ የሚባል አካሄድ አለ። በቀጭኑ አንጀት በደንብ የማይመጠጡ፣ ትልቁ አንጀት ደርሰው ባክቴሪያዎች አብላልተው ጋዝ የሚያደርጓቸውን ስኳሮች ለጊዜው መቀነስ ነው። ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ፣ ወተት፣ ማር፣ ማንጎ ከነዚህ ናቸው። የሚቀነሱት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ከትንሽ ወደ ብዙ ይመለሳሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ መመለሱን ይረሳዋል። መመለሱ ነው ትልቁ ሥራ። አንቺ ደግሞ ስለከሳሽ ሁሉንም ባንዴ አትቀንሺ፤ ወተትና ሽንኩርት ላይ ብቻ ጀምሪ።

የሚበላ ነገር አይጠፋም። የጤፍ ወይም የማሽላ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ፓፓያ አለልሽ። ሐይቅ ቅርብሽ ነው፤ ዓሣው ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው። ለጣዕም የባሮ ሽንኩርትን አረንጓዴ ቅጠል ተጠቀሚ። ሆድ የሚነፋው የሽንኩርት ስኳር በውኃ ይሟሟል፣ በዘይት አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ላይ ጠብሰሽ ብታወጪው ሽታውና ጣዕሙ ይቀርልሻል። ወጥ ውስጥ ከተንተከተከ በኋላ ግን መልቀሙ ዋጋ የለውም፤ ስኳሩ መረቁ ውስጥ ገብቷል።

እንኮዬ ዘደላንታ

ልጄ፣ ሽሮን ጨርሰሽ አትጥዪ። እኛ ጾም የምንይዝ ሰዎች ሽሮና ምስር ከቀረብን ምን ልንበላ ነው? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው።

ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው። የዛሬ ልጆች ገበያ የተፈጨ ሽሮ ገዝታችሁ ሽንኩርቱን አብዝታችሁ ትሠሩታላችሁ። እኔ አተሩን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ማታ በብዙ ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ። ጠዋት ውኃው አረፋ ይይዛል፣ ይሸታል። ያንን ደፍቼ በሌላ ውኃ አጥበዋለሁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ፣ አምሼ እከካለሁ፣ ገለባውን አበጥሬ አስፈጫለሁ። ስሠራውም ቶሎ አላወርደውም፤ እስኪወፍርና ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ ይንተከተካል። ባቄላ ሲሆን ደግሞ ጉንቁል ይሻላል። ዘፍዝፈሽ፣ ውኃውን አጥልለሽ፣ ሸፍነሽ ጫፉ እስኪበቅል ትተዪዋለሽ፤ ከዚያ ደህና አድርገሽ ትቀቅዪዋለሽ። እንደ ደረቁ ባቄላ ሆድ አይነፋም።

ሲስተር ዘወልድያ

እንኮዬ፣ እድሜ ይስጥዎት። የዘረዘሩት ሁሉ ምክንያት አለው። ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ጋዝ የሚያመጣ ስኳር ወደ መዘፍዘፊያው ውኃ ስለሚወጣ፣ ውኃውን መድፋት ያንን ስኳር መድፋት ነው። ሲበቅል ደግሞ ቡቃያው ራሱ ይመገበዋል።

ኡሙ ፈውዛን

አሰላሙ ዓለይኩም። ለመምህርቷ ሴሊያክ አለመኖሩ አልሃምዱሊላህ። እኔ አለብኝ፤ ለሌሎች ይጠቅም እንደሆን ልጻፍ።

ሰው «ጤፍ ብሊ» ብሎ ያልፋል። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ማሽላና በቆሎም የላቸውም። ግን እንጀራው በእርግጥ ጤፍ ብቻ ነው? ከገበያ የሚገዛው ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። እርሾውን ከጎረቤት ከተዋስሽ የጎረቤቷ ሊጥ ምን እንደሆነ ጠይቂ። እኔ እርሾዬንም ምጣዴንም ለብቻ አድርጌያለሁ። ሰው «ስንዴም ቢሆን በደንብ ከቦካ አይጎዳሽም» ይለኛል። ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይሠራም። ማቡካት ግሉተኑን አያጠፋውም።

ሐዘን ቤትና ሰርግ ላይ የራሴን እንጀራ ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰው ቅር ይለው ነበር። አሁን ጎረቤቶቼ ራሳቸው «የሷን ለብቻ አስቀምጡ» ይላሉ።

ወፍጮ ቤት ቁጥር 1

የእህታችን ነገር እውነት ነው። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። ስንዴ ፈጭተን ጤፍ ስናስገባ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት ቀለሙ ይነጣል፤ ድንጋዩ መሀልና አሸንዳው ላይ የቀረው ስንዴ ነው። ጤፉ እየወረደ ሲሄድ ይጠቁራል። ቀለሙ ከጠራ በኋላም ትንሽ አይቀርም አልልም። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ለባለ ወፍጮው ይንገረው። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ድንጋይ ያለው ወፍጮ ቤት ካገኘ እዚያ ይሂድ። ካጣ እቤት በትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ቢፈጭ ይሻለዋል።

ጎልማሳው ከከሚሴ

ስለ ጫት ማንም አላነሳም። ሆድ ድርቀትና ቃር አለብኝ። የሚያገናኘው ነገር አለ?

ሲስተር ዘወልድያ

አለው። ጫት ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገር ያደርቃል፣ ጫቱም ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋና ራት ይቀራል፤ አሰር የሚባል ሳይገባ ይታደራል። ድርቀቱን ጫቱን ሳትቀንስ በመድኃኒት ብቻ አትወጣውም። የተዘፈዘፈ ተልባ ከብዙ ውኃ ጋር ይረዳል፤ ከትንሽ ጀምረህ ቀስ በቀስ ጨምር።

የሆጤዋ መምህርት

ያለሁበትን ልንገራችሁ። አንድ የተማሪ ደብተር ይዤ የበላሁትን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና ሆዴ የሆነውን እጽፋለሁ። ሁሉንም ያጠራልኝ እሱ ነው። ያው የእናቴ ሽሮ አንድ ቀን ሲነፋኝ ሌላ ቀን ዝም ይላል። ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ የነፋኝ ቀን ሽንኩርቱ የበዛበት ወይም በምሳ ዕረፍት ቆሜ የጎረስኩበት ቀን ነው። እንደ እንኮዬ የተዘፈዘፈው አተር፣ ሽንኩርቱ ቀንሶ፣ በአንድ ጭልፋ መጠን ሲሆን ይስማማኛል። ዳቦ ምንም አላደረገኝም፤ በከንቱ ነው የፈራሁት። በርበሬም በልኩ ተመልሷል።

እርጎ ከትንሽ ስኒ ጀመርኩ፤ ችዬዋለሁ። ጥሬ ወተት ገና አልሞከርኩም። ኪሎዬም እየተመለሰ ነው። እናቴ «ሲስተርን ሳሚልኝ» ብላለች።

የቀረኝ ቡና ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሲስተር ዘወልድያ

ለእናታችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጥሬ ወተት ያልሽውን ግን ሳይፈላ አትጠጪ፤ ሌላ በሽታ ያመጣል።

ቡና አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ አሲድም ይጨምራል። በባዶ ሆድ አይሁን። ቁርስ በልተሽ፣ ከቆሎው ጋር አቦሉን አንድ ስኒ ቅመሺ። ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ዝም ካለ ሌላ ቀን ቶናውን ጨምሪ። ጎረቤቶችሽ ስኒ አንድ ነው ብለው አይቀየሙሽም፤ መምጣትሽን ነው የሚፈልጉት።

አዲስ አባል ከውጫሌ

ይቅርታ፣ ሁሉንም አነበብኩ። አባቴ 62 ዓመታቸው ነው። ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ ይወስዳሉ። ከትናንት ጀምሮ ሰገራቸው ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ ሲነሱም ያዞራቸዋል። ሰገራ የሚያጠቁር የብረት ኪኒን አይወስዱም። እሳቸው «ጨጓራ ነው፣ አጥሚት ስጡኝ» ነው የሚሉት። ምን አይነት ምግብ ልስጣቸው?

ሲስተር ዘወልድያ

ወንድሜ፣ ምንም ምግብ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ጨጓራቸው ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ነገን አትጠብቅ፣ ለብቻቸውም አትላካቸው። ዲክሎፌናኩን ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አይውሰዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘህ ሂድና ለሐኪሙ አሳየው።

አዲስ አባል ከውጫሌ

መኪና አግኝተናል። ወደ ደሴ እየሄድን ነው።

የሆጤዋ መምህርት

ደሴ ስትደርሱ ሰው ካስፈለጋችሁ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ወንድሜን ይዤ እመጣለሁ። ደም ለመስጠትም ዝግጁ ነን።